ቡና የተባለው ኮከብና አቦል የተባለው ዓለም

አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ስም እንዲያው በዘፈቀደ የሚለጠፍ ምልክት ሳይሆን የባለስሙን ጠባይና ዕጣ የሚናገር ነገር ነው ማለታቸው ነው። እኛ በዚህ የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሐፍ ልንጽፍለት የተነሣንለት ስም ግን መልአክ ያወጣው ሳይሆን ሰው ያወጣው ነው። ያወጣችው አገራችን ኢትዮጵያ ናት፤ የወጣለትም በሰማይ ላይ ያለ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ዓለም ነው። ኮከቡ «ቡና» ይባላል፤ ዓለሙም «አቦል» ይባላል።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስትሰማ ተረት ወይም ልብ ወለድ ሳይመስልህ አይቀርም። በእርግጥም ስለ ሰማይ የሚጻፉ ልብ ወለድ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። በእነዚያ መጻሕፍት ደራሲው ከሁሉ አስቀድሞ ስም ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለስሙ የሚሆን ፀሐይና ተራራ፣ ባሕርና ሕዝብ ይፈጥራል። የእኛ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ዓለሙ አስቀድሞ ነበረ፤ ስሙ ግን የወጣለት ትናንት ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የልብ ወለድ ሳይሆን የታሪክ ነው። ይኸውም ኮከቡ ስም ከማግኘቱ በፊት ምን ይባል እንደነበረ፣ ስሙ እንዴት እንደወጣለት፣ በመጨረሻም በሆሞሻ ተቀምጠን የምንማር እኛ ከዚህ ስም ጋር ምን እንደሚያገናኘን በየተራው ለመናገር እንሞክራለን።

ኮከቡ በቁጥር ይጠራበት የነበረው ዘመን

በሰማይ ላይ የሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ስም አላቸው ማለት አይደለም። ስም ያላቸው ጥቂቶች ናቸው፤ የሚበዙት የሚታወቁት በቁጥር ነው። በመምህሩ የጥሪ መዝገብ ላይ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥር እንደሚሰጠው ሁሉ፣ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ከዋክብትን በመዝገብ እያሰፈሩ ቁጥር ይሰጧቸዋል።

ከእነዚህ መዝገቦች አንዱ በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ የተዘጋጀው የሄንሪ ድሬፐር መዝገብ ነው። መዝገቡ እ.ኤ.አ. ከ1918 እስከ 1924 ድረስ በተከታታይ ጥራዞች የታተመ ሲሆን፣ 225,300 ከዋክብት ሰፍረውበታል። የከዋክብቱን ብርሃን መርምራ በየወገናቸው የለየቻቸው አኒ ጃምፕ ካነን የምትባል ሴት ሊቅ ነበረች። ዛሬ «ቡና» የምንለው ኮከብ በዚህ መዝገብ የሰፈረው በ16175ኛው ተራ ነው። ስለዚህ ለብዙ ዘመን ሊቃውንቱ «ኤች ዲ 16175» እያሉ ሲጠሩት ኖረዋል። «ኤች ዲ» የሚሉት ሁለት ፊደላት የሄንሪ ድሬፐር ስም መነሻዎች ናቸው።

ኮከቡ የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስና የንግሥት ካሲዮፔያ ልጅ ናት። እናቷ በልጅዋ ውበት ስለታበየች የባሕር አውሬ በአገሩ ላይ ተላከ፤ ልጅቱም ለአውሬው እንድትሰጥ በባሕር ዳር ካለ ዐለት ጋር በሰንሰለት ታሰረች። ፐርሴዎስ የተባለው ጀግናም ደርሶ አዳናት ይላል ተረቱ። በእርግጥ የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር በጠቅላላው ማለታቸው ነበር። ቢሆንም በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቁ በጥሊሞስ በመጽሐፉ ካሰፈራቸው 48 የከዋክብት ክፍሎች ውስጥ አባት፣ እናት፣ ልጅና ጀግናው ፐርሴዎስ ስማቸው ይገኛል። እንግዲህ ኢትዮጵያ ስም እንድታወጣለት የደረሳት ኮከብ በዚችው በኢትዮጵያዊቷ የንጉሥ ልጅ ክፍል ውስጥ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ገጠመኝ ነው።

ኮከቡን ከሆሞሻ ማየት ይቻላል ወይ ለሚል ሰው መልሳችን ይቻላል ነው፤ ነገር ግን በባዶ ዓይን አይደለም። ብርሃኑ የሰው ዓይን ሊያየው ከሚችለው ጥቂት ያንሳል። አርቆ የሚያሳይ የእጅ መነጽር ያለው ሰው ግን ሊያገኘው ይችላል። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር መጀመሪያ፣ ሰማዩ በጠራ ጊዜ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሮ ከአናቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይመልከት። በስተ ግራ አልማክ የሚባለውን ደማቅ ኮከብ ያገኛል፤ በስተ ቀኝ ደግሞ አልጎል የሚባለውን ያገኛል። አልጎል ሦስት ቀን ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እየፈዘዘ እንደገና የሚበራ በመሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከሁለቱ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ለማለት በሚቻልበት ቦታ፣ ቡና ይገኛል።

ዓለሙ እንዴት ተገኘ

ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ከዋክብት ሁሉ እንደ ፀሐያችን የሚዞሯቸው ዓለማት ይኖሯቸው ይሆን እያለ ይጠይቅ ነበር። መልሱ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በግምት እንጂ በማስረጃ አልነበረም። ፀሐያችንን በሚመስል ኮከብ ዙሪያ የሚዞር የመጀመሪያው ፕላኔት መገኘቱ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ያገኙትም ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ የተባሉ የስዊስ ሊቃውንት ሲሆኑ፣ ለዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል።

እንዲህ ያለውን ፕላኔት በመነጽር በቀጥታ ማየት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የኮከቡ ብርሃን ይሸፍነዋልና። ስለዚህ ሊቃውንቱ ፕላኔቱን ሳይሆን ኮከቡን ይመለከታሉ። አንድ አባት ልጁን በሁለት እጁ ይዞ ሲያሽከረክረው ልጁ ብቻ የሚዞር ይመስለናል፤ ነገር ግን አባትየውም በልጁ ክብደት እየተሳበ ጥቂት ይወዛወዛል። ኮከብም እንዲሁ ፕላኔቱ ሲዞረው ጥቂት ይወዛወዛል። ወደ እኛ ሲቀርብ ብርሃኑ ጥቂት ወደ ሰማያዊነት፣ ሲርቅ ደግሞ ጥቂት ወደ ቀይነት ያዘነብላል። ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን በድምፅ ሊያስተውለው ይችላል፤ መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አልፎ ሲሄድ ግን ይወፍራል።

በዚህ ዘዴ የቡናን መወዛወዝ ለዓመታት ሲለኩ የቆዩት በአሜሪካ አገር በካሊፎርንያ በሊክ የከዋክብት መመልከቻ የሚሠሩ ሊቃውንት ነበሩ። ፕላኔቱንም እ.ኤ.አ. በ2009፣ በእኛ አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም.፣ ለዓለም አስታወቁ።

ይህ ዓለም ከእኛ መሬት ጋር ብዙ የሚመሳሰል አይደለም። ክብደቱ ከጁፒተር በአራት እጥፍ ይበልጣል፤ ይህም ማለት ከመሬት ከ1,300 እጥፍ በላይ ማለት ነው። እንዲህ የከበደ ፕላኔት እንደ ጁፒተር በጋዝ የተመላ ስለሆነ ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት መሬት የለውም። ኮከቡን አንድ ጊዜ ለመዞር ወደ 995 ቀን ይፈጅበታል። በዘጠነኛ ክፍል ትምህርት የጀመረ ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስኪጨርስ ድረስ፣ ይህ ዓለም አንድ ዙር ተኩል ያህል ብቻ ይሄዳል ማለት ነው።

የሚዞርበትም መንገድ ክብ ሳይሆን እንደ እንቁላል የረዘመ ነው። ሲቀርብ መሬታችን ለፀሐይ ከምትቀርበው ጥቂት አልፎ ይቀርባል፤ ሲርቅ ደግሞ ማርስ ከፀሐይ ከሚርቀው እጥፍ አልፎ ይርቃል። ስለዚህ በአንዱ ወራት ይግላል፤ በሌላው ወራት ይቀዘቅዛል። ኮከቡ ራሱ ከፀሐያችን በመጠን የሚበልጥ፣ ዕድሜውም የገፋ ነው።

ስሙ እንዴት ወጣ

ዓለም አቀፍ የሥነ ፈለክ ኅብረት የሚባለው ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። በመላው ዓለም ባሉ ሊቃውንት ዘንድ ተቀባይነት ያለው የከዋክብት ስም የሚጸድቀው በዚህ ኅብረት ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ በስማችሁ ኮከብ እናስጠራላችሁ የሚሉ ነጋዴዎች በየአገሩ አሉ፤ ነገር ግን እነርሱ የሚሸጡትን ስም ኅብረቱ አያውቀውም።

ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2019 የመቶኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር አንድ መልካም ሐሳብ አመጣ። ይኸውም ለእያንዳንዱ አገር አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ተሰጥቶ የአገሩ ሕዝብ ስም እንዲያወጣላቸው ነው። ኮከቡም ከዚያው አገር በትንሽ መነጽር ሊታይ የሚችል እንዲሆን ተደረገ። ለስሙ ሕግ ወጣለት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከ4 ፊደል እንዳያንስ፣ ከ16 እንዳይበልጥ፤ የንግድ ስም እንዳይሆን፤ በሕይወት ያለ ሰው ስም እንዳይሆን፤ በፖለቲካ፣ በጦርነት ወይም በሃይማኖት ሥራው የታወቀ ሰው ስምም እንዳይሆን ተባለ። ከዚህም በላይ የኮከቡና የፕላኔቱ ስም በአንድ ሐሳብ የተያያዙ እንዲሆኑ፣ ወደ ፊት በዚያው ኮከብ ዙሪያ ሌላ ፕላኔት ቢገኝ በዚያው ሐሳብ ስም የሚወጣለት እንዲሆን ተደነገገ።

በዚህ ሥራ 112 አገሮች ተካፈሉ፤ ከ780,000 የሚበልጡ ሰዎችም ድምፃቸውን ሰጡ። ሁሉም አገር ከራሱ ጓዳ የከበረውን አወጣ። ቡርኪና ፋሶ የወንዞቿን ስም ሰጠች። ዮርዳኖስ ፔትራ የተባለችውን ጥንታዊት ከተማዋንና ዋዲ ረም የተባለውን ሸለቆዋን ወደ ሰማይ ላከች። ብራዚል የጥንት ሕዝቦቿን የቱፒንና የጓራኒን ስም ሰጠች።

ኢትዮጵያስ ምን ሰጠች? የንጉሥ ስም አልሰጠችም፤ የጦር ሜዳ ስምም አልሰጠችም። ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» አለችው። ስሞቹም ታኅሣሥ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ከሌሎች አገሮች ስሞች ጋር በይፋ ተነገሩ። በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም አራት አራት ፊደል ናቸው፤ ሕጉ ከፈቀደው ሁሉ ያጠሩ ስሞች መሆናቸው ነው።

እኛ ይህን ምርጫ መልካም ነው እንላለን። ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቡና የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ደጋውም ቆላውም ቡና ያፈላል፤ ቡና ሲፈላም ጎረቤት «ኑ ቡና ጠጡ» ተብሎ ይጠራል። ሁለተኛ፣ ሕጉ የጠየቀውን መያያዝ የሚፈጽም ስም ነው። ቡና በተፈላ ጊዜ የመጀመሪያው አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይባላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዓለም አቦል የሚለው ስም ሲወጣ፣ ለሚመጡት ሌሎች ዓለማት የስም ቦታ አብሮ ተዘጋጀ። እስካሁን በቡና ዙሪያ የታወቀው ፕላኔት አንዱ አቦል ብቻ ነው። ሲኒዎቹ ግን ተደርድረዋል።

አቦል የሚለው ቃል ከየት መጣ

ስለዚህ ቃል መናገር የሆሞሻ ተማሪዎች ዕድል ነው ብንል ከመጠን ያለፍን አይመስለንም። በእኛ አገር በርታኛ የሚናገር አለ፤ አማርኛ የሚናገር አለ፤ ዐረብኛም በገበያና በመስጊድ ይሰማል። አንድ ልጅ ሦስቱንም ቋንቋ ሲናገር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዲህ እንዲህ ያለው ልጅ «አቦል» ሲባል ሲሰማ «አወል» የሚለው የዐረብኛ ቃል፣ ማለት «የመጀመሪያ»፣ ትዝ ይለዋል። «በረካ» ሲባል ደግሞ ማንም ሳይተረጕምለት «በረከት» ማለት መሆኑን ያውቀዋል። የአማርኛ ሦስቱ የቡና ስሞች መነሻቸው ዐረብኛ ነው እየተባለ ይነገራል። ሁለተኛው «ቶና» በዐረብኛ «ሁለተኛ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው ይባላል።

ይህም በአማርኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቀደሙት ሊቃውንቶቻችን በመጻሕፍቶቻቸው ሰባቱን የሰማይ ተጓዦች ሲጠሩ ዙሐል፣ መሽተሪ፣ መሪኅ፣ ሸምስ፣ ዝሁራ፣ አጣርድ፣ ቀመር ይሉ ነበር። እነዚህም ሁሉ ከዐረብኛ የተገኙ ስሞች ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክም ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ መንገድ ከ72ኛው እስከ 82ኛው ምዕራፍ ድረስ ሰፊ ትምህርት የያዘ ሲሆን፣ መጽሐፉ በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ቋንቋ ብቻ ነው። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትና የረመዳንን ጨረቃ የሚጠባበቁ የእስልምና አባቶች አንዱን ሰማይ ሲመለከቱ ኖረዋል። እንግዲህ ኢትዮጵያ ስም ይዛ ወደ ሰማይ ስትወጣ እንደ እንግዳ አልገባችም፤ የምታውቀውን ቤት ደጃፍ መታች እንጂ።

በምድራችን ላይ የወጡ ስሞች

ስለ ሰማይ ስም ካወራን ዘንድ ስለ ምድራችንም ስም ጥቂት ማለት ይገባል። የስም ነገር የሚገባን ሁለቱን ስናስተያይ ነውና።

ክልላችን ቤኒሻንጉል የሚለውን ስም ያገኘው «ቤላ ሻንጉል» ከሚለው የበርታ ስም ነው። «ቤላ» በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው። ዐረብኛ ተናጋሪዎች «ቤኒ» እያሉ ቢጠሩት ድምፁ ጥቂት ተለወጠ፤ ስሙ ግን አልጠፋም። የሚጠራው ሕዝብ በቦታው ስለነበረ በሌላ ስም አልተተካም።

አሁን ሌላውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፁ ገዥ የመሐመድ አሊ ጦር ወደ ሱዳን ዘመተ። በሚቀጥለውም ዓመት ወርቅና ባሪያ እየፈለገ በጥቁር ዐባይ ወንዝ በኩል እስከ ፋዞግሊና እስከ በርታ ተራሮች ድረስ ደረሰ። መሐመድ አሊ ራሱም እ.ኤ.አ. በ1838 እና በ1839 መካከል የወርቁን ነገር በዓይኑ ለማየት እስከ ፋዞግሊ መጥቶ ነበር። ወርቁም እንደታሰበው ስላልተገኘለት ኢጎር ኮቫሌቭስኪ የተባለ የማዕድን ዐዋቂ ከሩሲያ አስመጣ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1847 እና በ1848 ወደ እነዚህ ተራሮች መጥቶ በቱማት ወንዝ በኩል ወርቅ እያስፈለገ ተዘዋወረ። በዚያን ጊዜ በካርታው ላይ አንዱን አገር በንጉሡ ስም «ኒኮላየቭስካያ»፣ አንዱን ወንዝ ደግሞ በአገሩ ወንዝ ስም «ኔቭካ» ብሎ ሰየመ።

ዛሬ ግን ከዚያ ወንዝ ውኃ የሚቀዳ ሰው «ኔቭካ» አይልም። ከብቱን በዚያ አገር የሚያሰማራ እረኛም «ኒኮላየቭስካያ» የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም። ኮቫሌቭስኪ ሊቅና ብርቱ ተጓዥ ነበር፤ ስለ አገራችንም የጻፈው ለታሪክ ይጠቅማል። ነገር ግን ስሞቹን የጻፋቸው ስም ባለው አገር ላይ ነበር፤ ሰዎቹንም ምን ትሉታላችሁ ብሎ በስማቸው አላጸናም። ስለዚህ ስሞቹ በወረቀት ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቡና ከእኛ የሚርቀው ወደ 196 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ብርሃን በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በአንድ ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ትሪሊዮን ተኩል ያህል ኪሎ ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ዛሬ ማታ በሆሞሻ በመነጽር የምናየው የቡና ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያ ዘመን የግብፅ ጦር በእነዚሁ ተራሮች ሥር ወርቅና ሰው ሲያስስ የነበረበት ዘመን ነው። ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳለ የግብፅ አገዛዝ አለፈ፤ የማህዲ ዘመን መጥቶ ሄደ፤ የቤላ ሻንጉል፣ የሆሞሻና የአሶሳ ሼኮች በዘመናቸው ገዙ፤ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በራስ መኰንን ዘመቻ አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ሆነ። ይህ ሁሉ ሲሆን ብርሃኑ እየመጣ ነበር። ሲደርስ ግን ተራሮቹ የተጠሩበትን ስም እንደያዙ አገኛቸው።

ስም የሚጸናው በምንድን ነው

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? ስም የሚጸናው በመዝገብ ስለተጻፈ ብቻ ሳይሆን ሰው ስለጠራው ነው። ኔቭካ በካርታ ላይ ተጽፎ ነበር፤ የሚጠራው ስላጣ ጠፋ። ቤላ ሻንጉል ግን ካርታ ሳያውቀው በፊት በሰዎች አፍ ነበረ፤ ዛሬም አለ።

የቡናና የአቦል ዕጣስ የትኛው ይሆናል? በአቦል ላይ ቀድሞ የሚኖር ሕዝብ ስሙን አልተቀማም፤ ስለዚህ ስሙን ማውጣታችን ማንንም አልበደለም። ስም ማውጣት ግን የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። ሰማይ የማንም ርስት አይደለምና ኢትዮጵያም ስም ስላወጣች ኮከቡን ገዛች ማለት አይቻልም። ያገኘችው ግብር ወይም ወርቅ ሳይሆን አደራ ነው። በውጭ አገር ያሉት ተመራማሪዎች ዛሬም በጽሑፋቸው በብዛት የሚጠቀሙት በቁጥሩ ነው። ልጆቿ ኮከቡን ካላወቁት፣ በትምህርት ቤት ካልተነገረ፣ በመነጽርም የሚፈልገው ካልተገኘ፣ «ቡና» የሚለው ስም እንደ «ኔቭካ» በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ይሆናል።

አንዳንድ ሰው «ውኃና መንገድ፣ መጽሐፍና መድኃኒት የሚያስፈልገው አገር ከሁለት መቶ የብርሃን ዓመት ማዶ ያለ ኮከብ ምን ያደርግለታል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ በሆሞሻ የሚኖር ሰው ሊጠይቀው ይገባል። ነገር ግን አንድ ማስረጃ እናቅርብ። የቡና ስም በተነገረ በሦስተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና አገር ከታይዩዋን ወደ ሰማይ ተተኰሰች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ የተላከችውም እርሻን፣ ደንን፣ ውኃንና የአየር ጠባይን ከላይ ሆና እንድትመለከት ነበር። ኮከብን ለማጥናት የሚያስፈልገው ሒሳብ፣ ፊዚክስና የመሣሪያ ዕውቀት፣ የዝናብን መምጣትና የሰብልን ሁኔታ ከላይ ሆኖ ለማወቅ ከሚያስፈልገው የተለየ አይደለም። አንዱን የሚማር ሌላውንም ያገኛል።

ይህም በአንድ ቀን የተደረገ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕዋ ሳይንስ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን እንደ ቅዠት ይቈጥረው ነበር። ቢሆንም ማኅበርተኞቹ አልተመለሱም፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት የከዋክብት መነጽሮች ያሉት መመልከቻ ተመረቀ። አዲስ አበባ ዳር ባለው በዚያ ተራራ ላይ የተጀመረው ሥራ እስከ ሆሞሻ ይደርስ ዘንድ የሚቀረው መንገድ ረጅም ነው። ነገር ግን ሰማዩን ከወሰድን የእኛ ሰማይ ከእንጦጦ ሰማይ አያንስም፤ የከተማ መብራት የማይሸፍነው በመሆኑ እንዲያውም ይጠራል።

ስለዚህ ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ትምህርት ቤታችን አንድ አርቆ የሚያሳይ የእጅ መነጽር ቢያገኝ፣ በየዓመቱ በጥር ወር በሰማዩ ጥራት ቡናን ከአልማክና ከአልጎል መካከል እየፈለግን እንድናይ ይሁን። ሁለተኛ፣ የየሠፈሩ ሽማግሌዎች ከዋክብትን በበርታኛ ምን እያሉ እንደሚጠሩ፣ የዘርን ጊዜና የዝናብን መምጣት በየትኛው ኮከብ እንደሚያውቁ ጠይቀን በደብተር እናስፍር፤ ኮቫሌቭስኪ ያልጠየቀውን እኛ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ለከተማ ልጅ ብቻ የተፈጠሩ መስለው እንዳይታዩን እንትጋ።

አቦል ስሙ ከወጣለት ወዲህ ኮከቡን ሁለት ጊዜ ዞሯል። ያንን ዓለም ያገኙት በሩቅ አገር ያሉ ሊቃውንት ናቸው፤ ለድካማቸውም ምስጋና ይገባቸዋል። ኢትዮጵያ ያዋጣችው ስሙን ብቻ ነው። ነገር ግን በእኛ ባህል ቡና የተጠራ ሰው አቦልን ብቻ ጠጥቶ አይነሣም፤ ቶናውን ይጠብቃል፣ በረካውንም ይጠብቃል። ቶና የሚባለው ዓለም ካለ፣ የሚያገኘው መርምሮ የሚለካ ሰው ነው። ያ ሰው ዛሬ በአሶሳ ወይም በሆሞሻ፣ በመንጌ ወይም በኩርሙክ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሒሳብ ትምህርት የሚማር ልጅ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት የለም። ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ስም ብቻ ሳይሆን ዕውቀትም ያዋጣች ትሆናለች።